በሰው ቀብር ላይ የተለቀሰላት ባለቤቴ

በእኛ ከተማ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። የምቀልድ መስሏችሁ ከሆነ ማስረጃው በእጄ ነው። ጎባ ውስጥ ካረፉት የእድራችን አባላት የአብዛኞቹን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን አንድም ቋጣሪ፣ አንድም ነገረኛ፣ አንድም አጥር ገፊ አልቀበርንም። በሕይወት ሳለ «እንደምን አደርክ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር የነበረው ጎረቤቴ እንኳ በእኔው ብዕር «ከትልቅ ከትንሹ ተግባቢ» ሆኖ ነው ያረፈው። ቤተሰቡ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ተግባቢ እንደነበረ ማመን ጀመርኩ፤ የጻፈው ሰው ራሱ ካላመነ ማን ሊያምን ነው?

ሥራው እንዴት በእኔ ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሙታን መጻፍ አያቅተውም ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። እውነትም አላቃተኝም። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አንድ ልብስ ሰፋሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ እጅጌውን እያሳጠርኩና እያስረዘምኩ ማልበስ ብቻ ሆነ። ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደ። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ትዳር መሠረተ። ይህን ያህል ልጆች አፈራ። ባደረበት ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዳ ቆየ። ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። አለቀ።

ሟቿ ሴት ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ወንዱ ዘምቷል፣ ሥራ ቀያይሯል፣ የሆነ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ይጠየቃል፣ ይጣራል። ሴቷን ግን «ለባለቤቷ ታማኝ አጋር፣ ለልጆቿ ርኅሩኅ እናት፣ ለልጅ ልጆቿ መካሪ አያት ነበረች» ካልኩ በኋላ ብዙ የሚቀረኝ የለም። ይህች ዐረፍተ ነገር ስትነበብ ሁልጊዜ ለቅሶው ከፍ ይላል። ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላውቅም። አንዳንዴ እጄ እሷን ሲጽፍ እኔ በመስኮት መንገደኛ አያለሁ።

ባለፈው ኅዳር ባለቤቴ ሞተች።

ሕመሟ አጭር ነበር። ሐሙስ ዕለት ደከመኝ ብላ ተኛች፣ እሷ ደከመኝ ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ያን ጊዜ ነው መደንገጥ የነበረብኝ፤ እኔ ግን ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠየቅኳት። በሳምንቱ አረፈች። የእድሩ ሊቀመንበር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና የሕይወት ታሪኳን እንኳ ሌላ ሰው ይጻፈው አሉኝ። አሻፈረኝ አልኩ። የመንደሩን ሰው ሁሉ ስጽፍ ኖሬ ሚስቴን ለሌላ ሰው አሳልፌ ልሰጥ?

የዚያኑ ጠዋት ላይኛው ሰፈር ሌላ እናት አርፈው ነበር፤ ወይዘሮ ጫልቱ ይባላሉ። ልጃቸው ታደለ አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ እኔ በእንዲህ ያለ ኀዘን ላይ ሆኜ ሊያስቸግረኝ እንደማይገባው፣ ግን ወደ ማን እንደሚሄድ እንዳላወቀ ተናገረ። አስቀመጥኩት። ሴትየዋን ስለማላውቃቸው ብዙ ጠየቅሁት፤ የት እንደተወለዱ፣ ምን ይወዱ እንደነበር፣ በልጅነታቸው ምን ዓይነት ነበሩ። ልጃገረድ ሳሉ አጋርፋ ላይ ፈረስ ጋልበው ወንዶቹን ይቀድሙ ነበር አለኝ። ጻፍኩት። ቀጥሎ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ብዕር የራሴን ሚስት ጻፍኩ። ለእሷ ማንንም አልጠየቅሁም። አርባ ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው ማንን እጠይቃለሁ?

አሁን ስለ ስሟ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ያገባኋት ጊዜ የእሷም ስም ጫልቱ ነበር። ጫልቱ ጉተማ፣ የገሰራ ገበሬ ልጅ። ለሠርጉ እናቴ ከመንዝ ድረስ መጣች። በእኛ አገር ልማድ ሙሽራ ወደ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ እናቴም ያችን ልጅ አገላብጣ ከሳመቻት በኋላ «የሺመቤት ብዬሻለሁ» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች። የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ እንዲያውም ስሙ በጣም አምሮኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ለእኔ የሺ ሆነች፣ ለሰፈሩ የሺመቤት፣ ለልጆቹ እማዬ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ ደግሞ «የመምህር ባለቤት»። ጫልቱ እዚያው ገሰራ ቀረች።

ገሰራ ታላቅ እህቷ አሉ፤ እትዬ ቢቂልቱ። የሺ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ እሳቸው ትሄድና አንድ ሳምንት ተቀምጣ ትመጣለች። በዓመት አንድ ሳምንት ጫልቱ ትሆን ነበር ማለት ነው። እኔ አብሬያት አልሄድም ነበር፤ ትምህርት የሚከፈትበት ወቅት ነው፣ የተማሪ ምዝገባ አለብኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር።

ታማኝ ሚስት ነበረች ብዬ ጽፌያለሁ፤ ነበረች። ርኅሩኅ እናትም ነበረች። ግን እነዚህ ቃላት ከእሷ ቤት ውስጥ አንድም ዕቃ አያነሱም። የጎባን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከሳነቴ አምባ ሲወርድ ግድግዳ አያቆመውም። የሺ ዓመቱን ሙሉ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ለአምስቱም የልጅ ልጆቻችን፣ ለእያንዳንዱ ከልኩ አንድ ስንዝር አስበልጣ። «ያድጉበታል» ትላለች። ልጆቹ እጅጌውን ሁለት ሦስት ጊዜ እየጠቀለሉ ይለብሱት ነበር። የተማሪ ወረቀት ሳርም ሻዬን ከቀኝ እጄ አርቃ፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጋ ታስቀምጥልኛለች፤ አንድ ጊዜ የአንዲት ተማሪ ፈተና ላይ ስላፈሰስኩ ነው፤ ያ የሆነው ገና አዲስ አስተማሪ ሳለሁ ነው፣ ሰሃኑ ግን እስከ ጡረታዬ አልተነሳም። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣልቼ ስመጣ ዝም ብላ ትሰማኝና፣ ከበላሁ በኋላ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ቀስ ብላ ትነግረኛለች። እሷ ራሷ ግን ተቀምጣ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትቀምሳለች እንጂ ሰሃን ይዛ ከእኛ ጋር አትቀመጥም። የምትወደው ምግብ ምን እንደነበረ ዛሬ ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም፤ አላውቅማ። ይኸው አሁን እኔም ቆሜ ነው የምበላው። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መጥረግ ምን ያደርጋል?

ወደ ቀብሩ እንመለስ።

ሁለቱም ቀብር በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጉሙ ወርዶ ነበር፤ ከግቢው ወዲህ ማዶ ያለ ሰው ከወዲያ ማዶ ያለውን አይለይም። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ የእኛ ወገን በላይ በኩል፣ የወይዘሮ ጫልቱ ወገን በታች በኩል ቆመ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ የጻፍኩትን አነበቡ። «ከአባቷ ከአቶ ጉተማ የተወለደችው ወይዘሮ የሺመቤት» አሉ። «ታማኝ አጋር» ላይ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ለቅሶው ከፍ አለ። አትፍረዱብኝ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ሊቀመንበሩ ነጠላ ሰረዙ ላይ አለማረፋቸውን ነው። አስተማሪ ሚስቱንም ሲቀብር አስተማሪ ነው።

ቤት ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው ሌላ ነገር ያስተዋልኩት። ከገሰራ የመጣ ሰው የለም። ለእትዬ ቢቂልቱ ልጅ ራሴ ደውዬ ቀኑንና ቦታውን ነግሬዋለሁ፤ እሱ አጨዳ ላይ ስለሆነ እናቱን አውቶቡስ ላይ እንደሚያሳፍራቸው ነግሮኛል። አልመጡም። ከዲንሾ መጥቷል፣ ከሮቤ መጥቷል፣ ጎረቤቶቻችን የሆኑት እስላሞች ከነሐጂያቸው መጥተው ፍራሹ ላይ ከእኛ ጋር እያደሩ ነው፤ የገዛ እህቷ የሉም። ያን ጊዜ ኀዘኔ ወደ ቂም ዞረ። ቂም ደግሞ ለኀዘንተኛ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ የሚያስበው ያገኛል። በየዓመቱ ሹራብና ስኳር ተሸክማ የምትሄድላቸው እህታቸው ስትቀበር አንድ ቀን መንገድ ከበዳቸው እያልኩ ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ። ለልጄ ለሰናይት፣ ከእንግዲህ ገሰራ የሚባል ዘመድ የለንም አልኳት። ሰናይት ነርስ ናት፣ የታመመ ሰው ሲናገር ዝም ብላ መስማት ለምዳለች። ትራሴን አስተካከለችልኝ።

በሰልስቱ ዕለት ረፋዱ ላይ ታደለ፣ የወይዘሮ ጫልቱ ልጅ፣ አንዲት አሮጊት በክንዱ ደግፎ ወደ ድንኳናችን ገባ። እትዬ ቢቂልቱ ነበሩ።

የሆነውን ታደለ እያፈረ ነገረን። በቀብሩ ዕለት እኚህ እናት ከእነሱ ወገን መካከል ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ ታዩ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ለቀስተኛን «አንቺ የማን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኛ አገር አልተወለደም፤ ነውር ነው፣ ከሞተው ጋር ያለህን ዝምድና አስረዳ እንደማለት ነው። ታላቅየዋ ልጅ፣ የእናታችን አገር ቤት የቀሩ ዘመድ ናቸው አለች። ሌላዋ፣ እማዬ ትነግረን የነበረችው አብሮ አደጓ እሳቸው ይሆናሉ አለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዝምድናውን ራሳቸው ሠሩላቸው። ወደ ቤት ይዘዋቸው ሄዱ፣ ከልጆቹ ጎን ጥሩው ፍራሽ ላይ አስቀመጧቸው፣ በላያቸው ላይ ጋቢ ደረቡላቸው። እሳቸውም ሁለት ቀን ሙሉ በኦሮምኛ እያወረዱ አለቀሱ፤ የሟቿን ልጅነት፣ ወንዝ መውረዷን፣ እናታቸውን አንስተው ሲያለቅሱ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይፈርስ ነበር። ታደለ እንደነገረን፣ የእናታቸውን ለቅሶ ያሞቁላቸው እኚህ ሴት ናቸው። የእትዬ ቢቂልቱን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ፎቶው የማን እንደሆነ አልታያቸውም፤ ወደ ቤታችን ከመጡም ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ዙሪያቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ሰናይት የታለች፣ እስካሁን ለምን መጥታ አልሳመችኝም ብለው ጠየቁ። በዚያ ቤት ሰናይት የምትባል የለችም።

ሰናይት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔስ? ሁለት ቀን የተበሰለሰልኩበት ቂም የት ላድርገው? ተቀባይነት ያለው ቂም ነበር፤ ቂም የያዝኩባቸው ሰው በድንገት ንጹሕ ሆነው መጡ።

እትዬ ቢቂልቱ አልተቆጡም። አውቶቡሱ ዘግይቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደመጡ፣ ጉሙ ውስጥ ሁለት ሕዝብ ቆሞ እንዳገኙ ረጋ ብለው አወሩ፤ ሰናይት ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ንባብ ውስጥ የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። የአባታቸው ስም ካለፈ በኋላ ደርሰው በላይ በኩል ቆመው ጠበቁ፣ ንባቡ አለቀ፣ ቃሉ አልመጣም። ወደ ታች ሲወርዱ «ወይዘሮ ጫልቱ» ሲባል ሰሙ። እዚያው ቆመው እህታቸውን ቀበሩ። እንዲያውም ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲያለቅስላት ሰምቼ እህቴ እንዲህ የተወደደች ነበረች ወይ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው አንድ ነገር ጠየቁ። ሰናይት እኔን ሳታይ ነው የተረጎመችው።

«ስሟን ለምን አላነበባችሁም? ነው የሚሉት።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እኔን አየ። ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁና ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣሁ፤ ምናልባት ጽፌው ሊቀመንበሩ ዘልለውት ይሆናል ብዬ እንደ ሞኝ ፈለግሁ። የለም። በቆንጆ ጽሕፈት «ከአባቷ ከአቶ ጉተማ የተወለደችው ወይዘሮ የሺመቤት» ይላል። አቶ ጉተማ የሺመቤት የምትባል ልጅ ወልደው አያውቁም። አባት ልጁን በወረቀት ላይ ቢያያት እንኳ አያውቃትም ነበር፤ እህቷማ ይኸው ፊት ለፊቷ ቆመው አጧት። ሰናይት ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን በትከሻዬ ላይ አነበበችና «እኔም ረስቼው ነበር አባዬ» አለችኝ። ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። ባሰብኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት አወጣሁ። አስተማሪ ነኝ፣ የተሳሳተ ነገር ማረም አውቃለሁ። «ወይዘሮ ጫልቱ ጉተማ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ብዕሩ ቆመ። «ታማኝ አጋር» ልል ስል፣ እሱን ያደረገችው የሺ ናት። ሹራቡን የሠራችው የሺ ናት፣ ሰሃኑን ያስቀመጠችው የሺ ናት። ጫልቱ ምን አደረገች? ፈረስ ትጋልብ ነበር? ወንዝ ስትወርድ ትዘፍን ነበር? እኔን ስታገባ ፈልጋ ነው ወይስ ተነግሯት? የላይኛው ሰፈሯን የወይዘሮ ጫልቱን ፈረስ ግልቢያ በእጄ ጽፌ፣ የእኔዋን ጫልቱ አንድ መስመር የሚሞላ ነገር አጣሁላት። ሻዬ ቀዘቀዘ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ብቻ እንዳለ መሳቢያው ውስጥ መለስኩት።

በማግሥቱ እትዬ ቢቂልቱ ወደ ገሰራ ከመመለሳቸው በፊት መቃብሯን ማየት አለብኝ አሉ። የማያውቋቸውን ሴት ቀብረው እህታቸውን ሳይሰናበቱ እንዴት ይሂዱ? ሰናይት የሐዘን ፈቃዷ አልቆ ሮቤ ሥራ ገብታለች። ስለዚህ እኔና እሳቸው ብቻ በባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ምክንያቱን ስነግራችሁ አፍራለሁ። አርባ ዓመት ባሌ አገር ኖሬ የእኔ ኦሮምኛ ሰላምታና የገብስ ዋጋ ነው። አልተቸገርኩም ነበር። ገበያ ስንሄድ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ የሺ ሁልጊዜ በግራዬ ናት፤ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ በጆሮዬ ትነግረኛለች። ምን ብዬ ልማር?

ጉሙ ተገልጦ ነበር። መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ገና አልረጋም። እትዬ ቢቂልቱ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው አፈሩን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ የተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚያስተካክሉ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገረው ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩኝ።

«ያ በርሲሳ፣ መቃ ኢሼ ዋሚ።»

ይህን ያህል ይገባኛል። መምህር፣ ስሟን ጥራ ነው። መጣታቸውን እንድታውቅ መጀመሪያ መጠራት ነበረባት፤ የከለከላትም እኔ ስለሆንኩ መጥራት ያለብኝ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ክፍል ፊት እንደምቆም ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ጫልቱ» አልኩ።

እትዬ ቢቂልቱ ጨምር እንደማለት እጃቸውን አነሱ።

«ጫልቱ ጉተማ።»

አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድም ጊዜ ጠርቻት አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ግን በየትኛው ስሟ እንደምጠይቃት አላወቅሁም። አለቀስኩ፤ በቀብሯ ዕለት ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

እትዬ ቢቂልቱ ግን አላለቀሱም፤ የእሳቸውን ለቅሶ ላይኛው ሰፈር ጨርሰውታል። አፈሩ ዳር ተቀመጡና ለእህታቸው ያወሩላት ጀመር። ወሬ ነው፤ የደህና ቀን ወሬ። የእናታቸውን ስም አነሱ፣ ገሰራን አነሱ፣ ሁለት ጊዜ «በርሲሳ» ሲሉ ሰማሁ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ እያደረጉ። ከዚያ አንድ ረዥም ታሪክ ጀመሩ። ልጃገረድ ስለነበረች ጊዜ እንደሆነ ገብቶኛል፤ በእጃቸው አንድ ነገር ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ያሳያሉ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ሰው ያሳያሉ፣ ስሟን በየመሃሉ ይጠራሉ። ወረቀቴ ላይ አጥቼው የነበረው ያ ነው፤ እዚያው ፊቴ ላይ እየተነገረ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አብሬያቸው እንድስቅ ቀና ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ጠበቁኝ።

እኔም ወደ ግራዬ ዞር አልኩና «የሺ፣ ምን አሉ?» አልኳት።

መልሱንም ቆሜ ትንሽ ጠበቅሁ።